የሚጣ ረጅም እጅጌ

እታለም ስትናደድ ፔዳሉ ያወራል። ደስ ያላት ቀን የስፌት መኪናዋ ካፊያ ነው፤ ሳይቸኩል፣ ሳያቋርጥ፣ ጨርቁን እያባበለ ይሄዳል። የተናደደች ቀን ግን በረዶ ይሆናል። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ትርርር ይልና ድንገት ቀጥ። ዝም። ደግሞ ትርርር። ፊት ለፊቷ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ ቲማቲሟን እየደረደረች፣ «ዛሬስ ማን አባቱ ነካት?» ትላለች።

ያን ሰሞን የነካት የገዛ ወንድሟ ነበር።

እታለም ቀጭን ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ፣ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እታለም ይላታል። ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ማንጎራጎር ትችልበታለች። ግጥሙን ከየት እንደምታመጣው አይታወቅም፤ ጨርቁ ይነግራታል መሰለኝ። ታላቅ ወንድሟን እሷ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፤ ሌላው ሰው ግን ሜትሮ ነው የሚለው። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ አያውቅማ! ሲተኛም አያወልቀውም ይሉታል።

አባታቸው የተወላቸው ሱቅ ጠባብ ነው። መስኮቱ ሥር የሜትሮ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከጓሮ በኩል የእታለም መኪና፣ መሃል ላይ ደግሞ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች። እሱ ያልቆረጠውን እሷ አትነካም። የሱን ትልቁን ጥቁር መቀስም ቢሆን ከሱ በቀር የሚነካው የለም፤ እሷም ጭምር።

ሜትሮ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። በሌላ ሰው ልክ አይቆርጥም። አንዱ፣ «ልኬቴ ይኸው፣ ሌላ ሰፊ የለካኝ ነው» ብሎ ከመጣ ሜትሮ ቁጥሩን አያየውም። «ገላው ይምጣ፤ ወሬው ይቅር» ይላል፣ ሜትሩን ከአንገቱ እየሳበ። ሙሽራ ሳይቀር በዚህ ነገር መልሷል። ሰዉ ይስቅበታል፤ የሜትሮ ሱሪ ግን አይጠብም፣ አይሰፋም፣ ባለቤቱን አያሳፍርም። ቃሉም እንደ ሱሪው ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሰው ልጅ ሲያጋባ ያማክረዋል፣ ጎረቤት ሲጣላ ያስታርቃል።

ታዲያ ይህ ሰው፣ በሰው ልክ ጨርቅ የማይቆርጠው ሰው፣ በስልኩ የመጣለትን ሁሉ ሳይለካ የሚውጥ ሆኖ አረፈው!

መጀመሪያ ጨረቃ ላይ ማንም አልወጣም አለ፤ እታለም ሳቀች። ከዚያ ዝናቡን ከባሕር ማዶ ሆነው የሚከፍቱና የሚዘጉ ሰዎች አሉ አለ፤ «እንግዲያው ልብሴ ሳይደርቅ እንዳይከፍቱት ደውልልኝ» አለችውና አሁንም ሳቀች። ሦስተኛው ወሬ ላይ ግን ሳቋ ደረቀ። ለሕፃናት የሚሰጠው ክትባት ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፣ የተወጋ ክንድ ማግኔት ይሆናል፣ ልጁን ዕድሜ ልኩን ከሩቅ ሆነው ይነዱታል አለ። ቪዲዮውን ለገባ ለወጣው ያሳያል፤ አንዲት ሴት ክንድ ላይ ሳንቲም ተለጥፎ ይታያል።

የማያስቃት በምክንያት ነው። ኩፍኝ ከታች ካለው ሰፈር ገብቶ ልጆች ይዞ ነበር። የጤና ሠራተኞቹ ትምህርት ቤቱ ግቢ መጥተው ክትባት ሊሰጡ ተነግሯል። እና ሜትሮ ቤት ሚጣ አለች። ሚጣ የሜትሮ የልጅ ልጅ ናት፤ ሁለት ጥርስ አብቅላ ያገኘችውን ሁሉ የምትነክስ፣ እታለም ስታንጎራጉር እጇን እያጨበጨበች የምታጅብ። አባቷ በከባድ መኪና ሩቅ አገር ነው የሚውለው፤ እናቷ ሚጣን ይዛ ካባቷ ቤት ተጠግታለች። በዚያ ቤት ደግሞ የሜትሮ ቃል ነው የሚያድረው።

አንድ ሞቃት ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሞልቶ ነበር። ካውያው ግሏል፣ ሰዉ በላብ ርሷል። ቀሚስ ልትለካ የመጣች የፋብሪካ ሠራተኛ፣ «እኔንም እኮ መሥሪያ ቤት ወግተውኛል» ብትል የሜትሮ ዓይን በራ። ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ክንዷ ላይ ለጠፈ። ሳንቲሙ እዚያው ቀረ።

«ይኸው! አያችሁ አይደል? እኛ ስንናገር ቅዠት ይመስላችኋል!»

ልጅቷ ክንዷን እንደ እባብ ሸሸችው። አትክልት ሻጯ ትንሹን ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ውይ ልጄን! ጋሼ ሜትሮ ባይነግሩኝ ኖሮ እኮ ወስጄ ላስወጋው ነበር።»

ፔዳሉ ቀጥ አለ።

እታለም ስፒሎቹን ከከንፈሯ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች። ከመኪናዋ እግር በክር የተንጠለጠለውን፣ ወለል ላይ የወደቀ ስፒል የምትለቅምበትን ማግኔት ፈታች። «ማግኔት ማለት ይሄ ነው» ብላ ወለሉ ላይ ጎተተችው። ስፒሎቹ ከየስንጥቁ እየዘለሉ ተለጠፉበት፤ ጃርት መሰለ። «አሁን ያንቺን ክንድ አምጪ፣ እህቴ።» ስፒል በእፍኟ አድርጋ ወደ ልጅቷ ክንድ አስጠጋች። አንዱም ንቅንቅ አላለም። «የታል? ለምን አይዘሉም? አኩርፈው ነው?»

«ሳንቲሙስ?» አለ ሜትሮ።

«እሱንም እናየዋለን። ወንድም ጋሼ፣ አንተ ክትባት ተወግተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? በሕይወቴ!»

«ክንድህን አምጣ።»

ሳንቲሙን ክንዱ ላይ ለጠፈችው። ቀረ። እታለም የጨርቅ ምልክት ማድረጊያውን ጠመኔ በጣቶቿ ፈጭታ የወንድሟንም የልጅቷንም ክንድ ቀባችው። ሳንቲሙን መልሳ አስቀመጠችው። ከሁለቱም ክንድ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ቅጭል አለ።

«ላብ ነው! ላብና ወዝ! ሌላ ምንም አይደለም!»

ያኔ ጎረቤቱ ፎቶ አንሺ በሩ ላይ ሆኖ ስልኩን ደግኖ ሲቀርጽ፣ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ታየ። «ጋሼ ማግኔት! እስኪ ያንን ካውያ ይሳቡልን!»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። እታለምም ሳቀች። ባትስቅ ምን ነበር! ከዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ሜትሮ የሰማው የሷን ብቻ ነው።

«ማን ነው የላከሽ?» አላት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ስንት ከፈሉሽ?»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ጡረተኛ ራሱን ነቀነቀ። «ማግኔቱን ሰው ሲያይ ያጠፉታል እኮ። ከሩቅ ነው የሚሠራው፤ መዝጊያም አለው።» አትክልት ሻጯ አንዴ ጠመኔውን፣ አንዴ ሜትሮን አየች። «እኔ እንጃ እታለም። ባሌ የሞተ ጊዜ ሱቁን ዘግቶ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አይዋሸኝም» ብላ ልጇን ይዛ ሄደች።

የፎቶ አንሺው ቪዲዮ ከሰፈር ሰፈር ዞረ። ሜትሮ መንገድ በወጣ ቁጥር የማያውቀው ጎረምሳ ሁሉ «ማግኔት!» ይለዋል። እታለም ፎቶ ቤቱ ድረስ ሄዳ በሩን በረገደችው።

«ማን ቅረጽ አለህ?»

«እንዴ እታለም! እውነቱን እኮ ነው ያሳየሁት። እንዲህ ዓይነቱ ጅል በሳቅ ካልሆነ በምን ይድናል?»

«እሱ ጅል? አንተ የምትስቅበት ሰው እናትህ ስትታመም በሸክም ያደረሳት ነው! እውነት አይደለም ያሳየኸው፤ መሳቂያ ነው ያደረግኸው። አሁን ቢሞት እንኳ ከቃሉ አይመለስም። አንተ ስቀህ ትገባለህ፤ ሳትከተብ የምትቀረው ሚጣ ናት!»

«እኔ እኮ ካንቺ ጋር ነኝ!»

«ከኔ ጋር ከሆንክ፣ እባክህ ከጠላቶቼ ጋር ሁንልኝ!»

የፈራችውም ደረሰ። ሜትሮ እቤቱ ገብቶ፣ «በኔ ጣራ ሥር ያለች ልጅ መርፌ አይነካትም» ብሎ ማለ። ከእታለም ጋር አይነጋገርም። የቆረጠውን ጨርቅ በደንበኛ እጅ ነው የሚልክላት፤ «እንካ፣ ለዚያች ስጥልኝ» እያለ። ከጠረጴዛው እስከ መኪናዋ ክንድ ቢዘረጋ ይደርሳል። እሷም ፊቷን ሳታነሳ ትቀበልና ታንጎራጉራለች፤

ወንድሜ መቀስ ነው፣ እኔ ደግሞ መርፌ፤
እሱ እየለያየ፣ የት አለ ማረፌ?

አንድ ቀን ግን አልቻለችም። ጨርቁን ወርውራ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። «በሰው ልክ ሱሪ ቆርጠህ ታውቃለህ?»

ሜትሮ ጨርቁ ላይ አጎነበሰ።

«ለሱሪ እንኳ ‹ገላው ይምጣ፤ ወሬው ይቅር› የምትል ሰውዬ! ያቺ ቪዲዮ ላይ ያለችውን ሴት ታውቃታለህ? ክንዷን ዳሰስከው? ማን የለካውን ነው ለሚጣ የምትቆርጥላት?»

ሜትሮ ጨርቁን አስተካክሎ መቁረጡን ቀጠለ። ያን ቀን ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር ሳተ።

በማግስቱ ጧት እታለም ሱቁ ስትደርስ ወንድሟ ቀድሟት ገብቷል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ከሥሩ ጫማው ይታያል። ቅጭል የሚል ድምፅ ሰማች። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳ ተሰማት። ደግሞ ቅጭል። ሳንቲም ነው! ራሱ እየለካ ነው! ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆመች፤ ዘፈን ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። መጋረጃው ተገለጠ። የሜትሮ ክንድ በጠመኔ ነጭ ሆኗል።

«ወደቀ፣ አይደል?» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

እጅጌውን አወረደ። «ሥራሽን ሥሪ።»

«ሚጣስ? እንግዲህ ልውሰዳት?»

«አይሆንም ብያለሁ! አንዴ ብያለሁ! ዛሬ ብመለስ ያ ፎቶ አንሺ ምን ይለኛል? አገር ምድሩ ምን ይለኛል?»

አያችሁልኝ ይሄን ሰው? አለማወቅ እሺ፤ ማንም የማያውቀው ነገር አለ። ለክቶ፣ ሳንቲሙ ሲወድቅ አይቶ፣ ለስሙ ሲል ልጅን ለኩፍኝ አሳልፎ መስጠት ግን ምን ይባላል? የዚያን ዕለት የእታለም ፔዳል በረዶ ብቻ አልነበረም፤ መብረቅም ነበረበት። ክር በጠሰች፣ መርፌ ሰበረች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ መንገደኛ እየሰማ፤

መርፌው ጨርቅ ይወጋል፣ ክሩ ይከተላል፤
ያንተ ወሬ ብቻ፣ ሰው ወግቶ ይቀራል።

የክትባቱ መጨረሻ ቀን የሚጣ እናት እየሮጠች መጣችና እታለምን ጎትታ መጋረጃው ውስጥ ገባች። «አክስቴ፣ አስወጋኋት።» እታለም እናትና ልጅን አንድ ላይ አቀፈቻቸው። «ቆዪ፣ ቆዪ፣ እዪው ግን» አለች የሚጣ እናት። የተከተበ ልጅ እንዳይደገም ጣቱ ላይ ቀለም ይቀቡታል፤ የሚጣ ትንሿ ጣት ከነጥፍሯ ሐምራዊ ሆናለች። «በሳሙና አልለቅ አለኝ። አባዬ ካየ ከቤት ያስወጣኛል። ሄጄ የት እገባለሁ?»

እታለም በወንድሟ ሳይሆን በራሷ ትንሽ መቀስ፣ ከተራረፈ ነጭ ጨርቅ ቀሚስ ቆርጣ ሰፋች። እጅጌው እስከ ጣት ጫፍ የሚሄድ፣ መጨረሻው የተዘጋ፤ አራስ ልጅ ፊቱን እንዳይቧጥጥ እንደሚደረግለት ዓይነት። በዚያ ሙቀት! ሚጣ እጅጌዋን እየነከሰች ወደ ቤቷ ሄደች።

ቆራጭን በጨርቅ ማታለል ግን አይቻልም። እናትየዋ ምሳ ይዛለት ሚጣን አዝላ ስትመጣ ሜትሮ ቀሚሱን አየው። «ይሄን እጅጌ ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ» አለች እታለም። ከዚያ ጧት ወዲህ ቃል ሲለዋወጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እጅ የሚሸፈነው ለአራስ ልጅ ነው። ሚጣ ጥርስ አብቅላለች።» እጅጌውን ያዘ፣ ዳሰሰ። ሚጣ እየሳቀች እጇን ነጠቀችው፤ ጨርቁ ወደ ላይ ሸሽቶ ሐምራዊዋ ጣት ብቅ አለች። እናትየዋ ፈዛ ቀረች። ሜትሮ ጣቷን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጠመኔውን አነሳ፣ ነጭ ጨርቅ ዘረጋ፣ ለካ፣ ቆረጠ። ሁለቱን አዲስ እጅጌ በማንም ሳይልክ ራሱ ለእታለም ሰጣት። «ብብቱ ጠቧታል። እንዲህ ነው የሚሆነው።»

እታለም ፊቷን ወደ መኪናዋ አዙራ በደስታ አለቀሰች። ፔዳሉ ካፊያ ሆነ። እሱም ረጅም አድርጎ፣ ጫፉን ዘግቶ እንደቆረጠው ልብ ያለችው ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ያኔም ገና አልገባትም።

የገባት አትክልት ሻጯ የጠፋች ጊዜ ነው። መደቧ ባዶ ሰነበተ። ስትመለስ ልጇን አዝላ፣ ከስታ፣ ተጎሳቁላ መጣች። ኩፍኙ ልጁን ለቆታል፤ አንድ ዓይኑ ላይ ግን ነጭ ነገር ጥሎበት ነው የሄደው። ሱቁ እንደ ወትሮው ሞልቷል፤ ጡረተኛው ጥግ ላይ ነው፣ ፎቶ አንሺው ኮቱን ሊያስጠብብ መጥቷል፣ የሚጣ እናትም ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ጋሼ ሜትሮ» አለች አትክልት ሻጯ፣ «ሐኪሞቹ ተቆጡኝ። ለምን አላስከተብሽውም አሉኝ። እኔ ግን መለስኩላቸው። ለኔ የነገሩኝ ሰውዬ ለገዛ የልጅ ልጃቸውም አላደረጉም፤ ለሚጣ ክፉ የሚመኙ ይመስላችኋል? አልኳቸው።»

ሜትሮ ወለሉን አየ። ልጁ በደህና ዓይኑ የሚጣን ረጅም እጅጌ እያየ ፈገግ አለ።

ፔዳሉ ቀጥ አለ። እታለም ተነሳች፣ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ ማንም የማይነካውን ትልቁን ጥቁር መቀስ አነሳች።

«ኧረ እታለም!» አለ ሰዉ።

ሚጣን ከእናቷ እቅፍ ሳታወርድ የእጅጌውን ጫፍ ያዘችና ከትከሻው ሥር ቀጭ አድርጋ ቆረጠችው። አንዱን። ከዚያ ሌላውን። የሚጣ ክንዶች ወደ ብርሃን ወጡ። ቀለሙ ከቆዳዋ ለቋል፤ የጥፍሯ ጫፍ ላይ ግን ሐምራዊ ጨረቃ ቀርታለች።

«ንገራት!» አለች እታለም። ቁጣዋ ድምፅዋን ሰንጥቆታል። «እኔ ብናገር ተከፍሏት ነው ትላላችሁ። አንተ ንገራት! የራስህን ሸሽገህ አዳንክ፤ አፍህን ግን ዘጋህ! እኔም የዘጋህበትን እጅጌ በደስታ ሰፋሁልህ! ንገራት!»

ሜትሮ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ሲያወርደው ያየነው ያን ቀን ነው። «ተወግታለች» አለ። «ሚጣ ተወግታለች። አውቅ ነበር። ሳንቲሙንም ብቻዬን ሞክሬዋለሁ። ወድቋል። ሁሌም ነው የወደቀው።»

አትክልት ሻጯ ትጮሃለች ብለን ጠበቅን። አልጮኸችም። ቀስ ብላ የሚጣን ጣት ይዛ ጥፍሯን አየች። ሳመቻትም። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ለኔ ልጅ እጅጌ ጠፋ?» አለችውና ወጣች።

ፎቶ አንሺው እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ እታለም መቀሱን እንደያዘች ዞረችበት። «አውጥተህ ብቻ ቅረጽ! ስልኩን ከነጣቶችህ ነው የምቆርጠው!» እጁን መለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስቀው ነገር አጣ።

ጡረተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሜትሮ፣ እውነቱን ንገረን እስቲ። ስንት ከፈሉህ?»

ሜትሮ በጥፊ እንደተመታ ሰው ዞረ። «ምን አልክ?»

«ትናንት እንዲህ ስትል፣ ዛሬ እንዲያ። አንድ ነገርማ አቅምሰውሃል።»

«ክንድህን አምጣ!» ሜትሮ ጠመኔ በእጁ ጨብጦ ጮኸ። «አምጣ! ራስህ እየው!»

ጡረተኛው ክንዱን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ እየሸሸ፣ «አልሰጥም! አንተም ከነሱ ሆነሃል!» ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሜትሮ ከሥራ መልስ ጠመኔና ሳንቲም ኪሱ አድርጎ በየቤቱ ያንኳኳል። ቀድሞ ራሱ ያስፈራራቸውን እናቶች ነው የሚፈልገው። በር የሚዘጋበት አለ፤ «ማግኔት» የሚለውም ገና አልቀረም። የተከተሉትም አሉ፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ቆመው አይቻለሁ። የአትክልት ሻጯን በርም በየቀኑ ያንኳኳል። አትከፍትለትም። ቆሞ ይመለሳል።

ሁለቱን የተቆረጡ እጅጌዎች እታለም ከመቁረጫ ጠረጴዛው በላይ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ቀና ባለ ቁጥር ፊቱ ላይ በሚመጡበት ቦታ፣ በምስማር ሰቅላቸዋለች። ደንበኛ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ ራሱ እንዲመልስ ነው የምትተወው። አንድ ቀን ቢጨንቀው፣ «እታለም፣ አሁንስ አይበቃም? አውርጂልኝ» ብሎ ለመናት።

ስፒል እንደነከሰች ቀና አለች። «የልጁ ዓይን የበራ ቀን አወርዳቸዋለሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች፤ ትርርር አለ፣ በረዶው።